አንድ አካፋ ምርቃት

ቤቶኔራ የማዞረው እኔ ነኝ። ቤቶኔራ ያው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር እያሽከረከረ የሚያቀላቅለው ሆዳም ማሽን ነው። በዚህ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አብረን አለን፤ ከባሌ ጋር እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ያህል አልቆየሁም። አሠራሬ የታወቀ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር፣ ውሃ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ አካፋ ሲሚንቶ፣ ምርቃት። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት መዝና ስታበቃ አንድ ራስ ጣል ታደርግልህ የለም? እንደዚያ ነው። ማንም ጨምሪ ብሎኝ አያውቅም፣ ማንም ተይም ብሎኝ አያውቅም። እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። ከእኔ ቤቶኔራ የወጣ ብሎኬት ተሰነጠቀ ሲባል የሰማ ካለ እዚህ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር።

እንግዲህ የማወራችሁ ይህቺው አንድ አካፋ ልጄን ከነባሏ ከቤቴ ልታስወጣብኝ ስትል ለጥቂት እንደተረፍኩ ነው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ አፈር ድሜ አበላው ነበር። ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ልጄ አንድ ናት። ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ያገባችው ሰውዬ ሚዛን ይባላል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፣ ሚዛን ያልኩት እኔ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ የመጣ ዕለት ሻይ አቀረብኩለት። ስኳሩን በማንኪያ ዘገነና የማንኪያውን አፍ በቢላ ጀርባ ደልድሎ፣ የተረፈውን ወደ ዕቃው መልሶ ጨመረ። እኔ ዓይኔ ፈጠጠ። ሲሄድ ጠብቄ ልጄን «ሲያቅፍሽም በግራም መዝኖ ነው?» አልኳት። ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ከተጋቡ ጀምሮ ከእኔው ጋር፣ የጓሮውን ሁለት ክፍሎች ይዘው ነው የሚኖሩት። ባሌ ከሞተ በኋላ ያ ቤት ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ ሬዲዮ ከፍቼ እተኛ ነበር፣ ሰው ያለ እንዲመስለኝ። አሁን በር ይጋጫል፣ ጫማ መግቢያው ላይ ያደናቅፈኛል፣ ልጄ ዕቃ ስታጥብ ዜማውን እያበላሸች ትዘፍናለች። ሚዛን የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አበጀልኝ፤ የቅመም ጠርሙሶቼ ላይ ሁሉ ወረቀት ለጠፈ፣ ጨውን ጨው ብሎ ጻፈበት፣ የማላውቀው ይመስል። እጮህበታለሁ። ደስ ግን ይለኛል። ለእነሱ አልነግራቸውም እንጂ በጣም ደስ ይለኛል።

ሚዛን ከዚህ በፊት ሁለት ቀን የሚያስኬድ ሩቅ ቦታ ባለ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ነበር። አለቃችን፣ የግቢው ባለቤት፣ አምጥቶ ቀጠረውና ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ሰጠው። እዚያ ውስጥ ሚዛኖቹንና ኮንክሪት የሚጨፈልቀውን ማሽን ይዞ ይውላል። ምን እንደሚሠራ የገባኝ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው።

«እማማ፣ ሲሚንቶ ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት አቧራውን ስበላ የኖርኩትን ሴትዮ ነው የምትጠይቀው? ከድንጋይ ነዋ!»

«ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር። ተፈጭቶ እቶን ይገባና በአንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ይነዳል። የሚወጣው ጠጠር ጂፕሰም ከሚባለው የጀሶ ድንጋይ ትንሽ ታክሎበት ሲፈጭ ሲሚንቶ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ወደ ሰማይ የሚሄደው ጋዝ ሁሉ ከነዳጁ ብቻ ይመስልዎታል?»

«ከምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ከድንጋዩ ከራሱ። ከግማሽ የሚበልጠው ከድንጋዩ ነው። መቶ ኪሎ የኖራ ድንጋይ አስገብተው ቢያቃጥሉ የሚያወጡት ሃምሳ ስድስት ኪሎ ብቻ ነው። የቀረው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። እቶኑን በፀሐይ እንኳን ቢያነዱት ይህ አይቀርም።»

«ድንጋይም ይተነፍሳል በለኛ!» ብዬ የጎረስኩት ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። ልጄ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እሱ ግን አልሳቀም። እሱ የቀመመው አዲስ ሲሚንቶ ግማሹ ብቻ የተለመደው ሲሚንቶ ነው። ሌላው ግማሽ ከግቢያችን ማዶ ካለው ተረተር ጀርባ ጡብ ሠሪዎቹ የማይረባ ብለው የሚጥሉት ሸክላ አፈር ነው፣ በመለስተኛ እሳት የተጠበሰ፤ ከዚያ ደግሞ ጨርሶ እሳት ያልነካው የኖራ ድንጋይ ዱቄት። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይያያዛሉ ይላል። የሚነደው ይቀንሳል፣ የሚቆፈረው ይቀንሳል።

እኔ እንደዚህ ያለ ወሬ ሰምቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ያደግሁት ከሲሚንቶ ፋብሪካ ሥር ነው። ጎመኑ ነጭ ነበር። የታጠበ ልብስ ስናሰጣ ሳይደርቅ ዱቄት ይለብስ ነበር፤ እናቴ ልብስ የምታጥበው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታ ነው። አባቴ ድንጋዩን ከሚያፈነዱት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ሲያስል ከመንገዱ ማዶ ያሉ ጎረቤቶች እሱ መሆኑን ያውቁታል። እኛ ልጆች ላዩ ላይ እየተንከባለልን የምንጫወትበት ኮረብታ ነበረ። ካደግሁ በኋላ ሄጄ ሳየው ኮረብታው የለም። ቦታው ላይ ጉድጓድ አለ፣ ውስጡ አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል። ግን ደግሞ ያሳደገን ያው ፋብሪካ ነው፤ እሱንም መካድ አልችልም። ይህን ሁሉ ለሚዛን አልነገርኩትም። «ብላ እንጂ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

አለቃችን ፈተና የሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። ልጄ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ ኮንክሪቱንም ብሎኬቱንም የሚያቀርበው የእኛ ግቢ ነው። «አንድ ጊዜ ትሞክራለህ» አለው። «በሃያ ስምንት ቀኑ ሃያ አምስት ከመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ባንተ ድብልቅ ይሠራል። ካልመጣ ክፍሏን ለዕቃ እፈልጋታለሁ፤ አንተም ፋብሪካህ ቦታህን እንደጠበቀልህ ነግረኸኛል።» ሃያ አምስቱ የምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ኮንክሪቱ ሃያ ስምንት ቀን ጠንክሮ ሳይፈርስ የሚሸከመው ጉልበት ነው።

ቤት ገብቼ ልጄን «ባልሽ ፋብሪካው ቢመለስ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ እማዬ? አብሬው እሄዳለሁ እንጂ።»

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ግን ያንን ሬዲዮ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

የሙከራው ቀን ሚዛን ሁሉንም ነገር ራሱ መዘነ፤ ውሃውን እንኳን በጠርሙስ ለክቶ ነው የሰጠኝ። እኔ አዞርኩ። ሲቀላቀል ቀለሙ ወደ ቀይ የሚመታ ግራጫ ሆነ። ባርኔጣ መሳይ የቆርቆሮ ዕቃ አለችው፤ በእሷ ሞልቶ ገለበጠና ምን ያህል እንደረገበ ለክቶ «በጣም ጥሩ» አለ። ተጨፍልቀው የሚፈተኑት ኪዩቦች የሚወጡባቸውን ሦስት የብረት ሳጥኖች ሊቀባ ጎንበስ ሲል ከበር ጥሪ መጣ፤ የሸክላው አፈር መኪና ገብቶ ሾፌሩ የት ላራግፍ እያለ ይጮሃል። «አምስት ደቂቃ፣ እማማ። እየዞረ ይቆየኝ» ብሎ ሮጠ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቤቶኔራው ውስጥ አየሁ። ግማሽ ሲሚንቶ! ለልጄ ትምህርት ቤት፣ ለእነዚያ ጥርሳቸው ለወለቀ ሕፃናት፣ ግማሽ ሲሚንቶ! ጎኔ ደግሞ ለብሎኬት የተከፈተው የተለመደው ሲሚንቶ ከረጢት አፉን ከፍቶ ያየኛል። አሰብኩ ብል ውሸት ነው። አካፋው ዘግኖ ገባ። ወዲያው ድብልቁ ደረቅ አለና እየተቆረሰ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ጀመረ። ደረቅ ድብልቅ ደግሞ አልወድም። ከበርሜሉ ሁለት ጆግ ውሃ ቸለስኩበት። ወዲያው ልስልስ ብሎ እንደ ገንፎ መንከባለል ጀመረ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አይዞህ ሚዛን፣ አልኩ በሆዴ፣ አማትህ እያለች ማንም አይጥልህም።

ተመልሶ መጣና ሳጥኖቹን ሲሞላ ትንሽ ቆም አለ። «አልቀጠነም?»

«ስትዘገይ ማሽኑ አላልቶት ነው» አልኩት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

እሱም አመነኝ። ኪዩቦቹን በማግሥቱ አውጥቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ከተታቸው።

ሃያ ስምንት ቀን በደስታ ነበር የኖርኩት፣ እውነቴን ነው። እነሱ ይጨነቃሉ፣ እኔ አንጎራጉራለሁ። ልጄ «አንቺ ደግሞ ምን አግኝተሽ ነው?» ስትለኝ «እንዲያው ነው» እላለሁ። ጓሮ ያለውን ክፍል ቀለም አስቀባሁ። ለሚዛን መጻሕፍት መደርደሪያ አሠራሁለት፤ ቁመቱን ራሴ በስንዝር ለክቼ አናጢው ጋ ሄድኩና፣ ሲመጣ ቁመቱ በልጦ መስኮቱን ሸፈነ። ሚዛን ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ አየው።

ቀኑ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ያቺ ጠባብ ክፍል በር ላይ ተሰበሰበ። ማሽኑ ኪዩቡን ከላይና ከታች ይዞ ቀስ እያለ ይጫነዋል፣ መርፌው ይወጣል፣ ኮንክሪቱ ሲፈርስ መርፌው የቆመበት ነው ውጤቱ። አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት። ጧ! አሥራ ዘጠኝ። ሁለተኛው አሥራ ስምንት ተኩል። ሦስተኛው አሥራ ዘጠኝ። 

ሚዛን ፍርስራሹን በእጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ይቅርታ፣ ጊዜያችሁን አባከንኩ። ስሌቱ የእኔ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው» አለ። አለቃችን ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ትከሻውን ቸብ አደረገውና «እስከ ወሩ መጨረሻ ተረጋግተህ ዕቃህን ሰብስብ» አለው።

ለእኔ የታየኝ ምን መሰላችሁ? በእኔ ምርቃት ተደግፎ አሥራ ዘጠኝ ከመጣ፣ ያለ እኔ ምርቃት ስንት ሊመጣ ነበር? አሥር? የእኔ አካፋ ባይኖር ኖሮ ኪዩቡ እንደ ዳቦ ነበር የሚፈረፈረው! ይህንን ብነግረው ደግሞ በቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ሦስት ቀን ዘጋሁ። ለእኔ ሦስት ቀን ዝም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። ልጄ መጻሕፍቱን ከዚያ ከረጅሙ መደርደሪያ እያወረደች ካርቶን ውስጥ ትጨምራለች፤ አትዘፍንም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ሳልከትፍ አለቅሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሻይ ይዤለት ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ደብተሩ ላይ ተደፍቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ትሠራለህ? ያለቀ ነገር ላይ!»

«ሪፖርቱን እየጻፍኩ ነው፣ እማማ። እዚህም እዚያም ይህንን ሊሞክሩ ያሰቡ ሰዎች አሉ፤ ጽፈውልኝ ነበር። ሁሉንም ቁጥር ሦስት ጊዜ አየሁ፣ ስህተት የለበትም። ስለዚህ ጥፋቱ ከሸክላው ነው ማለት ነው። የዚህ አካባቢ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው በከንቱ እንዳይደክም።»

 ደጋግሞ ያየው ስሌት ውስጥ እኔ የለሁማ! የማያውቀውን ነገር እየፈለገ ሊሞት ነው። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ያንን ሪፖርት ተወው» አልኩት። «አንድ አካፋ ጨምሬበታለሁ።»

ቀና አለ። «ምን?»

«ሲሚንቶ። የተለመደውን። አንተ ወደ መኪናው ስትሄድ። ሰው እንዳያፍርብህ ብዬ ነው። እንግዲህ ያለ እሱ ከአሥራ ዘጠኝም በታች ነበር የሚመጣልህ፤ እወቀው፣ በቃ። ተናገርኩ።»

 እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን?»

«ሲሚንቶው ሲገባ ድብልቁ ደረቀ?»

«አዎ፣ ደረቀ እንጂ! ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።»

«ከዚያ ምን አደረጉ?»

«እንግዲህ ልተወው ነው? ውሃ ጨመርኩበታ!»

«ስንት ውሃ?»

«ሁለት ጆግ።»

«በትልቁ ጆግ?»

«በትልቁ።»

ደብተሩን ሳበና ቁጥር ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኩት ብዬ ደንግጬ ስጠጋ፣ ሰውዬው ይስቃል! እንባው እየፈሰሰ ይስቃል። «ውሃው ነው! ሲሚንቶ በአካፋ ሰጥተው፣ ጉልበቱን በጆግ ወሰዱበት! ውሃ ሲበዛ ኮንክሪት ይደክማል፣ እማማ! ሸክላው ምንም አልሆነ!» ብድግ አለና መሳቁ ቆመ። ፊቱ ደም መሰለ። «ሃያ ስምንት ቀን!» ብሎ ጮኸ፣ ሻዩ እስኪደፋ ጠረጴዛውን መትቶ። «ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ያንጎራጉሩ ነበር! ቀለም ያስቀቡ ነበር! አልቀጠነም ወይ ብዬ ጠይቄዎት አልነበረም?»

ከተዋወቅን ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ቢሰድበኝም የሚገባኝ ነበር። ይጩህ፣ ደስ ብሎት ይጩህ፤ ሲጮህ ደግሞ ያምርበታል፣ ሰው ሰው ይሸታል። «ጠይቀኸኛል» አልኩት። «ዋሽቼሃለሁ። አሁን ና፣ አለቃችን ጋ እንሂድ።»

ያንን ያደረግሁት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው። ሠላሳ ዓመት የቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ድብልቁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሲጠይቀኝም ዋሽቼዋለሁ አልኩ። ብሎኬት የሚደረድሩት ጎረምሶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አለቃችን ረጅም ጊዜ አየኝና፣ «የትምህርት ቤቱን መሠረት ቁፋሮ ዝናብ አስተጓጉሎታል። ሌላ ሃያ ስምንት ቀን አለን። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቀን የለም» አለ።

በሁለተኛው ሙከራ ቀን ሚዛን ሁሉን መዝኖ ሲያበቃ እጁን ተጣጠበና ወደ ቢሮ መሄድ ጀመረ።

«ወዴት ነው? ቁም እንጂ! ቆመህ እየኝ!»

«አልቆምም፣ እማማ። ሰው ቆሞ ካልጠበቀው የማይሠራ ድብልቅ ምን ይረባል? ትምህርት ቤቱ ላይ ነገ እኔ አልኖርም፤ የሚያዞሩት እርስዎ ነዎት።»

ሄደ። አቤት የዚያን ቀን ያየሁት መከራ! ቤቶኔራው ሲዞር ቀኝ እጄ በላኝ። እጄን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። ድብልቁ ድርቅ ያለ ይመስላል፤ ጆጉን በርሜሉ ውስጥ ሳየው ልቤ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አካፋውን መሬት ላይ አጋደምኩና እጀታው ላይ ቁጭ አልኩበት። ሚዛን ሲመለስ እዚያው ተቀምጬ አገኘኝ። ድብልቁን የብረት ሳጥኖቹ ውስጥ ጨምሮ ማንቀጥቀጫው ማሽን ላይ ሲያደርገው፣ ያ ደረቅ የመሰለኝ ነገር ተላልቶ ማዕዘኑን ሁሉ ሞላ። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ አፍሬ ነው።

እየጠበቅን ሳለን አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ያ የእኔ ምርቃት፣ ሠላሳ ዓመት ሲደመር ስንት ይሆናል?» ሊነግረኝ አልፈለገም። ስጨቀጭቀው ወረቀት አወጣ። አንድ አካፋ አራት ኪሎ፣ በቀን አሥራ ሁለት ዙር፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን። ከአራት መቶ ቶን በላይ ሆነ። ለአንዱ ቶን አንድ ቶን ተኩል ያህል ድንጋይና አፈር ይቆፈራል አለኝ።

«ኮረብታ ነው» አልኩት።

«ኮረብታ እንኳን አይሆንም፣ እማማ። የኮረብታ ቁራጭ ነው።»

ያኔ ነው ስለዚያ ስለልጅነቴ ኮረብታ፣ ስለ አባቴ ሳል፣ ስለ ነጩ ጎመን የነገርኩት። ያን ኮረብታ የበሉት ሌሎች ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አዘንኩ፣ አልደብቅም። እሱ ደግሞ ደግ ነገር ሊናገር ፈልጎ ሲያጣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ከዚህ በኋላ የማይቆፈረውንም እንቆጥረዋለን» አለኝ። ይህን ጊዜ ነው የሳቅሁት፤ ሰውዬው ሳይቆጥር ማጽናናት እንኳን አይችልም!

ሁለተኛው ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላ ያቺ ክፍል በር ላይ እንደገና ተሰበሰብን። ልጄ ክፍል ስለነበራት አልመጣችም፤ ጠዋት ስትወጣ እጄን ጨብጣ ብቻ ነው የሄደችው። ካርቶኖቹ እስካሁን አልተፈቱም። መርፌው መውጣት ጀመረ። አሥራ አምስት። አሥራ ዘጠኝን ሲያልፍ አንድ ሰው ከኋላዬ ትንፋሹን ሳበ። ሃያ አራት። ሃያ አምስት። አሁንም ይወጣል። ጧ! ሠላሳ አንድ። ሁለተኛው ሠላሳ። ሦስተኛው ሠላሳ አንድ ተኩል።

ጎረምሶቹ ፉጨት ጀመሩ። አለቃችን እጁን አነሳና አስቆማቸው። ወደ እኔ ዞረ። «አትቀየሚኝ» አለኝ፣ «ግን ልጠይቅሽ ይገባል። የትምህርት ቤት ጣሪያ ነው የምንጥልበት። በዚህኛውስ ላይ ምን ጨመርሽበት?»

«አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም!»

«ያኔም ሲጠይቅሽ ዋሽተሽ ነበር። ብቻሽን ነበርሽ፤ ማን አየሽ?»

  ማንም አላየኝም። ሠላሳ ዓመት በሐቅ ሠርቼ አንድ ቀን ዋሽቼ፣ ያቺው አንድ ቀን ናት አሁን የምትመሰክርብኝ። ልጄ ከነካርቶኖቿ በዓይኔ ላይ መጣች። አንገቴን ደፋሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚዛን ደብተሩን ዘጋ። ያ ሁሉን ነገር ካልመዘነ፣ ካልለካ፣ ሁለት ጊዜ ካላረጋገጠ የማያምን ሰው ሜትሩን አላወጣም፣ ምንም አልመዘነም። «እናቴ ናት» አለው ለአለቃችን። «አልጨመርኩም ካለች አልጨመረችም። እዚህ ላይ ስሜን እፈርማለሁ።»

አለቃችን አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። «እንግዲያው ሰኞ መሠረቱን በዚሁ እንሞላለን» ብሎ ወጣ።

ጎረምሶቹ እየጮሁ ከበቡን። እኔ የቆምኩበት ቀረሁ። ሚዛን ክንዴን ያዘኝ።

«ነይ፣ እማዬ» አለኝ። «የዕረፍት ደወል ሳይደወል ደርሰን እንንገራት።»

ነይ አለኝ። የወለድኳት ልጅ እንደምትለኝ።

«እሺ፣ ልጄ» አልኩትና ተከትዬው ወጣሁ።